«ፈንገስ ነው» ከማለታችን በፊት

 

 የዚህ እትም የትምህርት ዐምዳችን ስለ እግር ነው። ርዕሱን ስንመርጥ «ይሄ ደግሞ ምን ጉዳይ ሆነና?» ያሉን አልጠፉም። በሰመራ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ዝግ ጫማ አድርጎ ወርክሾፕ የዋለ፣ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚያጥብ፣ ማታ ዶርም ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ጓደኞቹ መስኮት የሚከፍቱበት ተማሪ ግን ጉዳዩ ወዲያው ይገባዋል። ከጭፍራ፣ ከሚሌና ከአሳይታ ገጠር የመጣን ደግሞ ሌላም እናውቃለን። በየመንደራችን አንድ እግሩ ለዓመታት ያበጠ፣ «ፈንገስ ነው ተብሏል» እየተባለ ቅባት ሲቀባ የኖረ ሰው አይጠፋም።

እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከጤና ሳይንስ ወንድሞችና እህቶቻችን ጋር ተቀምጠን፣ እነሱ የሚማሩትን እየጠየቅን ነው። ከእነሱ ጋር ስንወያይ የገረመን አንድ ነገር ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት ሞተር አልነሣ ሲል መጀመሪያ ይለካል፦ ባትሪው ስንት ቮልት አለው? ነዳጅ ይደርሳል? ሳይለካ ዕቃ የሚቀይር መካኒክ የባለቤቱን ገንዘብ ይጨርስና መኪናውን እንደቆመ ይተወዋል። በእግር ላይ ግን ሁላችንም እንደዚያ መካኒክ ነን። ያሳክካል፣ ይላላጣል፣ ያብጣል፤ ስሙ ሁሉ «ፈንገስ» ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛውም አንድ ዓይነት ቱቦ ቅባት ነው። በዚህ ስም ሥር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች አሉ። አንዱ በትክክል ከተቀባ በሳምንታት ይድናል። ሁለተኛው ወራት ይፈልጋል። ሦስተኛው ካልታወቀ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል።

ከቀላሉ እንጀምር። በእግር ጣቶች መሃል፣ በተለይም በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል፣ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይረጥባል፣ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ይህን የሚያመጣው በሰውነት ላይ ጭርት ከሚያወጣው ቤተሰብ የሆነ ፈንገስ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ነው። ምግቡ ኬራቲን ነው፤ ኬራቲን ማለት የላይኛው ቆዳችን፣ ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ወደ ሥጋ አይዘልቅም፤ ላይ ላዩን ይበላል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ደግሞ ይመቸዋል። ዝግ ጫማ ውስጥ ያለ እርጥብ ካልሲ ማለት ለእሱ ቤት ማለት ነው።

ሁለተኛ መልክም አለው፤ ብዙዎቻችን ፈንገስ መሆኑን የማንጠረጥረው እሱን ነው። ውስጥ እግርና ተረከዝ እንደ ዱቄት የነጣ፣ የደረቀ፣ የወፈረ ቆዳ ይሆናል። አያሳክክም ወይም ትንሽ ብቻ ያሳክካል። ሰውየው «እግሬ ድርቀት አለው» ብሎ ቫዝሊን ይቀባል። እንዲህ ያለ ሰው እጁንም ቢያይ ጥሩ ነው፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ ብቻ አብረው ከደረቁና ከተላላጡ ድርቀት ሳይሆን ፈንገስ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

ምርመራው ርካሽ ነው። ባለሙያው ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ቆዳ ፍቆ በመስታወት ላይ ያደርጋል፣ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ውህድ ጠብ ያደርግበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ውህዱ የቆዳውን ሴሎች ያሟሟቸዋል፤ ፈንገሱ ግን አይሟሟምና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ ያለው ክር ሆኖ ብቅ ይላል። ማይክሮስኮፕ ደግሞ የወባ ደም በሚታይበት ጤና ጣቢያ ሁሉ አለ። ታዲያ ለምን አይደረግም? እኛም አንጠይቅም፣ እነሱም ሥራ ይበዛባቸዋል። ልብ ልንል የሚገባው፣ ቅባት እየተቀባን ከሄድን ፈንገሱ ላይታይ ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ መመርመር ይሻላል። አንድ ጊዜ «አልታየም» ቢባልም የለም ማለት አይደለም።

በጣት መሃል የሚወጣ ሁሉ ግን ፈንገስ አይደለም። ኤሪትራስማ የሚባል በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ቁርጥ እሱን ይመስላል። ዉድ ላምፕ በሚባለው ልዩ መብራት ሲታይ ቀይ ሆኖ ያበራል፤ ሕክምናውም አንቲባዮቲክ ነው። ከእግር ጀርባ ላይ፣ የጫማው ቆዳ ወይም ማጣበቂያ በሚነካበት ቦታ ብቻ የሚወጣ እከክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጫማው አለርጂ ነው። ቅባቱን ሳይሆን ጫማውን መለወጥ ይፈልጋል።

ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ችግሩ ትዕግሥታችን ላይ ነው። ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አራት ሳምንት ይቀባል። ተርቢናፊን ቅባት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይሠራል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ቤንዞይክና ሳሊሲሊክ አሲድ የተቀላቀሉበት የዊትፊልድ ቅባት ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው፤ ትንሽ ያቃጥላል እንጂ ዛሬም ይሠራል። እኛ ግን ሦስት ቀን እንቀባለን፤ ማሳከኩ ይቆማል፤ ቱቦው ትራስ ሥር ይረሳል። ማሳከኩ መቆሙ ፈንገሱ ማለቁን አያሳይም። ቆዳው ጤነኛ ከመሰለም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል፤ ከቁስሉ ጠርዝም ትንሽ አልፎ መቀባት።

አሁን ስለ አንድ መጥፎ ልማድ እናንሣ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለባቸው ቅባቶች በየሱቁ ይሸጣሉ፤ ለፊት ማቅያም፣ ለእከክም፣ ለሁሉም ይቀባሉ። እነዚህ ስቴሮይዶች ናቸው። የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ስለሚያፍኑ መቅላቱና ማሳከኩ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ሰውየውም «ይሄ ነው መድኃኒት!» ይላል። ፈንገሱ ግን ጠባቂ በሌለበት ቤት እንደገባ ሌባ ይሆናል፤ ይሰፋል፣ ይጠልቃል፣ የለመድነውን የጭርት ቅርጽ ያጣል። ሐኪም እንኳ ሲያየው ይደናገራል። ቅባቱ ሲቆም እጥፍ ሆኖ ይመለሳልና ሰውየው መልሶ ይገዛዋል። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የምንችል ተማሪዎች ለቤተሰባችን ይህን ካላነበብንላቸው ማን ያነብላቸዋል?

ወደ ጥፍር እንሻገር፤ እዚህ ብዙ አንቆይም። ፈንገስ የገባበት የእግር ጥፍር ይወፍራል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ከሥሩ ይፈረፈራል። ጥፍሩ የተበላሸ ሰው ሁሉ ግን ፈንገስ አለበት ማለት አይደለም። በዓለም ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከተበላሹ ጥፍሮች ፈንገስ የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀሩት ኳስ ሲጫወቱ የተመቱ፣ በጠባብ ጫማ የተጨቆኑ ወይም ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ ለወራት ኪኒን ከመዋጥ በፊት የጥፍሩን ቁራጭና ከሥሩ የሚፈረፈረውን ዱቄት ማስመርመር ግድ ነው። እህቶቻችን ሒና ወይም እንሶስላ ጥፍራቸው ላይ ካለ ሐኪም ጋ ከመሄዳቸው በፊት እስኪለቅ ቢጠብቁ መልካም ነው፤ የጥፍሩን ቀለም ይሸፍነዋልና።

ጥፍር ላይ ቅባት ብዙ አይረዳም፤ አይዘልቅም። የተለመደው ሕክምና ተርቢናፊን 250 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት መዋጥ ነው። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ኪኒኑ ካለቀ በኋላም ጥፍሩ ያው አስቀያሚ ሆኖ ይታያል፤ ይሄኔ «አልሠራም» ብለን ተስፋ እንቆርጣለን። የእግር ጥፍር በወር ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም የሚያድገው፤ አውራ ጣት ላይ ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። መታየት ያለበት ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየወጣ መሆን አለመሆኑ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ የኬቶኮናዞል ኪኒን ጉበት ስለሚጎዳ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ በ2013 ለፈንገስ ሕክምና መሰጠቱ እንዲቆም መክሯል። ቅባቱና ሻምፑው ግን ችግር የለባቸውም።

እስካሁን የተናገርናቸው ሁለቱ ያስቸግራሉ እንጂ እግር አያሳጡም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን የጣት መሃል ስንጥቅ ለከባድ ኢንፌክሽን በር ስለሚሆን መዘናጋት የለበትም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ሦስተኛው ነው።

ስሙ ማይሴቶማ ይባላል፤ «የማዱራ እግር» የሚሉትም አሉ። ማዱራ በደቡብ ሕንድ ያለ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1842 ጆን ጊል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያ ከተማ ያያቸውን ሕመምተኞች ስለጻፈ ስሙ ተጣበቀ። ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር ደግሞ እ.ኤ.አ በ1860 ፈንገስ መሆኑን ገልጾ ማይሴቶማ ብሎ ሰየመው። የሚገኝባቸው አገሮች በካርታ ላይ ሲታዩ የምድርን ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት ይከባሉ፦ ሜክሲኮ፣ ሴኔጋል፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ የመን፣ ሕንድ። ደረቅ፣ ሞቃት፣ አጭር ዝናብ ያለው፣ የግራር እሾህ የበዛበት ምድር ይወዳል። ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን፤ የጭፍራን ገጠር የሚገልጽ ይመስል ነበር።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ፈንገሱ በአፈር ውስጥ ይኖራል። በሱዳን ዋነኛው አምጪ ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ ሲሆን የዘር ቅንጣቱ ከአፈርም፣ ከእሾህም ላይ ተገኝቷል። እረኛ በባዶ እግሩ ወይም በሸበጥ ሲሄድ ይወጋል፤ እሾሁን ይነቅላል፣ ይረሳዋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በተወጋበት ቦታ ትንሽ ጠጣር እብጠት ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ15 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ነው፤ ከብት የሚያግዱ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ የሚያርሱ፣ ማለትም ቤተሰብ የሚመግቡትን።

ለዓመታት የሚያስዘነጋው ነገር ደግሞ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። በእረፍት ጭፍራ በነበርንበት ጊዜ ከዙህር ሰላት በኋላ መስጂድ ደጃፍ ላይ አንድ እግራቸው ያበጠ አዛውንት አግኝተን ከመካከላችን አንዱ «አባቴ፣ ይሄ እግርዎ ያምዎታል?» ሲላቸው፣ «ቢያመኝማ መቼ ዝም እለው ነበር ልጄ!» አሉት። ስንት ዓመት እንደሆነው ስንጠይቃቸው በጣታቸው ቆጥረው ስምንት አሉን። ሁለት ጊዜ በጋለ ብረት ተተኩሰዋል፤ ጠባሳው ይታያል። ቅባትም ብዙ ሞክረዋል። የሳቸው ማይሴቶማ ይሁን አይሁን ልንፈርድ አንችልም፤ ያልተመረመረን ነገር ስም መስጠት የጽሑፋችን ተቃራኒ ነው። መልሳቸው ግን ሕመሙ እንዴት እንደሚያታልል ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ አስረዳን።

ሦስት ምልክቶች አሉት፤ እነዚህን በቃላችሁ ያዙልን። አንደኛ፣ የማያም ጠጣር እብጠት፣ በአብዛኛው በአንድ እግር ላይ። ሁለተኛ፣ እብጠቱ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ፈሳሽ የሚያወጡ ቀዳዳዎች። ሦስተኛ፣ ከፈሳሹ ጋር የሚወጡ ጥቃቅን ፍሬዎች፤ እንደ አሸዋ ወይም እንደ ጤፍ ቅንጣት ያሉ። ሦስቱ ከተገናኙ ሌላ ሕመም የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ከደጋ ለመጡ ወንድሞች ደግሞ ይህ ዝሆኔ አይደለም። ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ ከ1,000 ሜትር በላይ ባለ፣ ዝናብ በበዛበት፣ ቀይ አፈር ባለው ደጋ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ፍሬም አይወጣውም።

የፍሬዎቹ ቀለም ትልቅ ነገር ይነግራል። ማይሴቶማ አንድ ሕመም አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱን የሚያመጣው እውነተኛ ፈንገስ ነው፣ ሌላውን ፈንገስ የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ያመጡታል። ውጭውን ሲያዩት ሁለቱም አንድ እግር ናቸው። ጥቁር ፍሬ ከሆነ ፈንገስ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ላብራቶሪ ብቻ ይለየዋል። ለምን ያስጨንቃል? የባክቴሪያው ዓይነት እንደ ኮትሪሞክሳዞልና አሚካሲን ባሉ አንቲባዮቲኮች ከመቶ 90 ያህሉ ይድናል፤ መቁረጥ አያስፈልገውም። ለዚህ ሰው የፈንገስ ኪኒን ለአንድ ዓመት ቢሰጠው ገንዘቡም ዓመቱም ጠፋ፣ ሕመሙም አጥንት ደረሰ። የፈንገሱ ዓይነት ደግሞ አንቲባዮቲክን ከቁብ አይቆጥረውም። ሳይመረመር መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ግማሽ በግማሽ ቁማር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ መያዣው እግሩ ነው።

ምርመራው ከመጀመሪያው ሕመም ይበልጥ ይከብዳል። ላይ ላዩን መፋቅ አይበቃም፤ ከጥልቁ በመርፌ ወይም በቀዶ ጥገና ናሙና ይወሰዳል። ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ ፍሬውን ያያል፤ የተቻለ እንደሆነ ላብራቶሪ ውስጥ ይራባል፣ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። ራጅ አጥንቱ መበላቱን ያሳያል። አልትራሳውንድ ደግሞ እብጠቱ ምን ያህል እንደሰፋና ፍሬ እንዳለው ያመለክታል።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ለብዙ ዓመት ሲሰጥ የኖረው ኢትራኮናዞል በቀን 400 ሚሊግራም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ነው፣ በመሃሉ ቀዶ ጥገና ይደረጋል። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ አያኮራም፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው የመዳን መጠን ከ25 እስከ 35 በመቶ ነው። ዋነኛው ምክንያት ሰዎች ዘግይተው መምጣታቸውና መድኃኒቱን አለመጨረሳቸው ነው። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ የመጣ ሰው በአንድ ቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ ሊወጣለት ይችላል። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ግን ምርጫው ይጠባል። በነገራችን ላይ ረመዳን ለብዙዎች መድኃኒት የማቋረጫ ሰበብ ይሆናል። የኢትራኮናዞል እንክብል ከምግብ ጋር መወሰድ ያለበት ስለሆነ 200 ሚሊግራም በኢፍጧር፣ 200 ሚሊግራም በሱሑር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ነው። የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ኪኒን ግን አብረው አይውሰዱ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ሰው ደግሞ ብዙ ውሃ መጠጣት አለበት፤ በአፋር ሙቀት መጾሙን ከሐኪሙና ከኡስታዙ ጋር ተመካክሮ ቢወስን ይበጃል። ሸሪዓችን ለበሽተኛ ያስቀመጠው ሩኽሳ ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሕመም ዓለም ዛሬ የሚያውቀው አብዛኛው የተገኘው ከጎረቤታችን ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ በ1991 በካርቱም የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ከ10,000 በላይ ሕመምተኞችን አክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ማይሴቶማን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ እንዲያስገባ ከገፋፉት መካከል የዚሁ ማዕከል መሪ ፕሮፌሰር አሕመድ ፋሃል ይገኙበታል። ፎስራቩኮናዞል የተባለ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትም እዚያው ተሞክሮ፣ ውጤቱ ከዕለት ተዕለቱ ኢትራኮናዞል ጋር የሚቀራረብ መሆኑ እ.ኤ.አ በ2024 ታትሟል። በየቀኑ ለዓመት ከመዋጥ በሳምንት አንዴ መዋጥ ለእረኛ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ማዕከሉ ግን እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ወድሟል፤ የአርባ ዓመት መዝገብና ናሙና አብሮ ጠፍቷል። አላህ ለሱዳን ወንድሞቻችን ሰላም ያምጣ።

ታዲያ ከጭፍራ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ለሪፈር ወረቀት። ከዚያ በክልላችን ዱብቲ ሆስፒታል አለ። በወልድያ በኩል ወደ ወሎ መውጣት ለሚቀለው ደግሞ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ቦሩ ሜዳን በታሪክ ትምህርት የምናውቀው እ.ኤ.አ በ1878 በተደረገውና ለወሎ ሙስሊሞች መራራ በነበረው ጉባኤ ነው፤ ዛሬ የአፋርና የወሎ ሕመምተኛ ጎን ለጎን ወረፋ የሚይዝበት መሆኑ ደስ ይላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ ያለው አለርት ነው፤ እ.ኤ.አ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና ተቋቁሞ ዛሬ በቆዳ ሕክምና ዋናው የሆነው።

አሁን ወደ ውዱእ እንመለስ፤ ይህን ጥያቄ ያነሡልን ብዙ ናቸው። ውዱእ እግርን ያበላሻል? አያበላሽም። እግርን በቀን አምስት ጊዜ ማጠብ አቧራና ላብ ያነሣል፤ የተወጋ እግርንም ቶሎ ለማየት ዕድል ይሰጣል። የሚያበላሸው ከውዱእ በኋላ እርጥቡን እግር ካልሲ ውስጥ መክተት ነው። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን በትንሿ ጣታችን የእግራችንን ጣቶች መሃል እያንዳንዱን እንድንፈለቅቅ ያስተምሩን ነበር፤ ተኽሊል የሚባለው ሱና ነው። ያው ጣት ውሃ ካስገባ በኋላ ፎጣም ያስገባ። ከውዱእ በኋላ ማድረቅን አብዛኞቹ ሊቃውንት ችግር የለበትም ይላሉ። ኹፍ ወይም ካልሲ ላይ መስሕ የምናደርግም ብንሆን ካልሲው የሚጠለቀው በደረቀ እግር ላይ ይሁን፤ የነዋሪ ሰው ጊዜ አንድ ቀንና ሌሊት ነውና ሲሞላ አውልቀን እግሩን እናየዋለን። በመስጂዱ ውዱእ ቦታ የሚቀመጡት የጋራ ሸበጦችም ፈንገስ ከእግር ወደ እግር ያዘዋውራሉ፤ የራስን ይዞ መሄድ ወይም ሸበጦቹን በየጊዜው አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት የጀማዓችን የጽዳት ቡድን ሥራ ቢሆን እንላለን። የሰመራ ፀሐይ ቢያንስ ለዚህ ትጥቀመን!

ቁስሉ ውሃ እንዳይነካው ሐኪም የከለከለው ሰውስ? በፋሻ የታሰረ ከሆነ በጀቢራ ሕግ ፋሻው ላይ ያብሳል፤ ውሃ ጨርሶ የሚጎዳው ከሆነ ተየሙም አለ። ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ይለያያልና ኡስታዝ ይጠየቅ። ይህን ያነሣነው አንዳንድ አባቶች «ውዱእ ያቋርጥብኛል» ብለው ፋሻ ስለሚፈቱና ቀዶ ጥገና ስለሚፈሩ ነው። በዚህ ሰበብ ሕክምና የሚቀር ሰው ካለ፣ ዲናችን ያላጠበበውን እሱ በራሱ ላይ አጥብቧል።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ይህን ወሬ ለሰው እናድርስ። አፋር ዳጉ አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው የሰሙትንና ያዩትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። የዝናብና የግጦሽ ወሬ በሚደርስበት ፍጥነት «የማያም እብጠት፣ ቀዳዳ፣ ፍሬ» የሚለው ወሬም ይድረስ። እብጠት ያለበትን ሰው ስናገኝ ከቀዳዳው የሚወጣውን ፍሬ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ፋሻ ላይ እንዲይዘውና ቀለሙን እንዲያሳይ እንንገረው። የድሮ ራጁን፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶንና ቱቦ ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጎ ይሂድ፤ አማርኛ የማይቀለው ከሆነ ከመካከላችን አንዱ አብሮት ይሂድ።

ናሙና ሲወሰድም አንድ ነገር እንጠይቅ። ፓቶሎጂ የሚሄደው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል፤ ፎርማሊን ግን ጀርሙን ይገድለዋልና ከዚያ በኋላ ማራባት አይቻልም። ለማራባት የሚላከው ግማሽ በንጹሕ የጨው ውሃ፣ በሌላ ብልቃጥ መሆን አለበት። ሁለቱም ብልቃጦች ላይ ስምና ቀን መጻፉን ዓይተን ከክፍሉ እንውጣ።

ወላሁ አዕለም።